ሻለቃ እህል እምቢ ያለበት ሰሞን

ትናንት አመሻሹ ላይ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳቀና መታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የጋለው ዘይት ሽታ ያዘኝና ቆምኩ። ዋጋውን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ፤ አመስግኛት መንገዴን ቀጠልኩ። እኔ የማውቀው ሳምቡሳ አምስት ብር ነበር፤ በመጀመሪያው ጉርሻ ሥጋው ጥርስ ላይ ይደርሳል። የአሁኑን ሁለቴ ገምጠውት ገና አየር ነው። ልጄ "አባባ፣ የድሮ ዘመን የምትለው እኮ የጥቂት ዓመት ነገር ነው" እያለች ትስቅብኛለች። ዓመቱ ጥቂት ይሆናል፤ እኔ ግን ዘመን የምቆጥረው በዋጋ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ሰፈራችን ባጃጅ አምስት ብር፣ አንድ ጄሪካን ውሃ ከአህያ ጋሪ ላይ አስር ብር፣ ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ የመጣ ሸሚዝ ደግሞ ተከራክረው ሁለት መቶ ብር የሚያወጡበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ሽማግሌ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? የዘይቱ ሽታ ግን ስለ ዋጋ አልተከራከረኝም፤ ይዞኝ የሄደው በቀጥታ ወደ ሻለቃ ነው።

ሻለቃ ውሻዬ ነው። አባቴ ጅግጅጋ የገቡት በወታደርነት ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አገልግለው በአስር አለቃነት ጡረታ ወጡ። እኔም ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ከፋይል በቀር ያዘዝኩት ፍጥረት የለም። ከቤታችን አንድ እንኳ ማዕረግ ያለው ይውጣ ብዬ ቡችላውን ሻለቃ አልኩት። ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይተኛል። ባለቤቴ አስካለ "ይሄ እንኳን ሻለቃ ዘበኛም አይሆን" ትለው ነበር። አፏን ግን አትመኑ፤ የወጡን አጥንት ለእኔ ሳታወጣ ለእሱ የምታስቀምጥ እሷ ናት።

ጅግጅጋ ውሻ ማሳደግ ሌላ ከተማ ውሻ እንደማሳደግ አይደለም። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። እኛ እዚህ ተወልደን ያደግን ክርስቲያኖች ይህን የተማርነው ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ደንብ አለው። በሶላት ሰዓት ውሻ መንገድ ላይ አይወጣም፣ እንግዳ አይልስም፣ የጎረቤት ደጃፍ ላይ አይተኛም። የደንቡ ጠባቂ ደግሞ የቆርቆሮ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ሐጂ ኑር ነበሩ።

ሐጂ ኑር አይሻ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወልደው ያደጉ፣ ኋላ ጅግጅጋ መጥተው በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ በነጭ ሸሚዝ፣ በተተኮሰ ሽርጥና ጠርዙ በተጠለፈ ኮፊያ ነው የሚወጡት። ሻለቃ ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ እርጥብ አፍንጫውን ሽርጣቸው ላይ አሳረፈ። መስጊድ ሊገቡ ነበር፤ ተመልሰው ልብሳቸውን ቀየሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው፣ በሶማልኛ አጠራር፣ "ዋርያ ተፈራ፣ ውሻህን" ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሻለቃ ጠላትነት ያውቃቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰዓዶ ግን ሳቂታ ነበሩ። ቢጫ ድርያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆሙና በሶማልኛ ባላቸውን ይጠሩ ነበር፤ ድምፃቸው እኛ ሳሎን ይገባል። ያን ዓመት ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው አረፉ። አጥሩ ወዲያ ጸጥ አለ። አስካለ ስንት ቀን ሙሉ "ጆሮዬ ለመደና ቀረብኝ" እያለች ታለቅስ ነበር።

ያን ሰሞን ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። የኖረበት ያውቀዋል፤ ከተማው በሙሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሚቆጣበት ምክንያት ይፈልጋል። ባጃጅ ነጂዎች ተሳፋሪውን ዓይተው ወይ መንዙማ ወይ መዝሙር ይከፍታሉ፤ እኔ ነጠላዬን ሳልለብስ የወጣሁ ቀን ግራ እየገባቸው በዝምታ ይወስዱኛል። ከካራማራ ተራራ በኩል የሚነሳው ነፋስ አቧራውን ያነሳዋል፣ ፍየሎች ካርቶን ያኝካሉ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ማታን ነው። ሲመሽ ሙስሊሞቹ አዛን ሰምተው ያፈጥራሉ፤ እኔና አስካለ ከሠርክ ጸሎት ተመልሰን ሽሯችንን እንበላለን። ሻለቃም እንደ እኛው ነበር። በሁዳዴ ቤታችን አጥንት ስለማይገባ የሽሮ ፍትፍት እየበላ ሦስት ሳምንት በትዕግሥት ቆየ።

በአራተኛው ሳምንት ድንገት ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ፍትፍቱን ስታቀርብለት አስካለን ቀና ብሎ ዓይቶ ፊቱን አዞረ። ቀን አቀረበችለት፤ አልነካውም። ውሃውንም ተወው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውልና ከአስር ሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ቆርቆሮው አጥር ሥር ሄዶ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ከአጥሩ ሳይነቅል ቀስ እያለ ያለቅሳል። ብትጠሩት አይዞርም። አስካለ መጀመሪያ ቡዳ ነው አለች፤ ማን ቀናበት ስላት "ቁመናው" አለችኝ። ከዚያ ጠበል ረጨችው፤ ጠበሉን አራግፎ ተመልሶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ሐዋሳ ላለችው ልጃችን ደወልን። እሷ ደግሞ የማታነበው ነገር የለም። "አባባ፣ ውሻ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ ወይ ያመዋል፣ ወይ ተጨንቋል፣ ወይ አካባቢው ላይ የተለወጠ ነገር አለ" አለች። ምን ያስጨንቀዋል አልኳት፤ ኪራይ አይከፍል፣ ልጅ አያስተምር። የተለወጠ ነገር ካለ ብዬ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ከዘይት ዋጋ በቀር ሁሉም እንደነበረ ነው።

ነገሩ የከፋው ለሃጩ የመጣ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ወደ አመሻሽ ላይ ሻለቃ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ለሃጩ በሁለት በኩል ይዝረበረባል። በሩ ክፍት ስለነበር ፊት ለፊታችን ሲንጀሩን መንገድ ላይ አውጥቶ የሚሰፋው አብዲ አየው። አብዲ ጥሩ ሰው ነው፤ የሰፈሩን ድርያና የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ የሚሰፋ እሱ ነው። ግን ፈሪ ነው። መርፌውን እንኳ ሳይነቅል ተነስቶ "ጋሽ ተፈራ፣ ውሻህ አብዷል" አለኝ። አይበላም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ባለቤቱን አያውቅም። አራቱንም በጣቱ ቆጠረልኝ። እኔም ልቤ ደነገጠ፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ተብሎ የሚነገረው ሁሉ ይኸው ነው። ሻለቃን አጥሩ አጠገብ ካለው ግንድ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት።

በነጋታው የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ዶክተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ያሳለፈው ኤረር አካባቢ ግመልና ፍየል ሲያክም ነው። ውሻ የሚያክም ሰው አምጡ ብለን ብንፈልግም ያገኘነው እሱን ነበር። ከሻለቃ አምስት ሜትር ርቆ፣ አስካለን ፊት ለፊቱ አቁሞ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየ መረመረው።

"ማመስኳት ያቆመው መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ዶክተር፣ ውሻ እኮ ነው" አልኩት።

"አዎ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለና ማስታወሻው ላይ የጻፈውን ሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ አልነበረውም። ውሻው እንደታሰረ ይታይ፤ በሰው ፊት እህል ከበላና ከጠጣ ጤነኛ ነው፤ ካልሆነ ግን ሰፈሩ ልጆች ያሉበት ነውና የመግደያ መርፌ መወጋት አለበት አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እኔ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበው ቀኑን ለመወሰን ተቀመጡ። አብዲ "ዛሬውኑ" አለ። ሁላችንም ወደ ሐጂ ኑር ዞርን፤ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን የጠበቁ ሰው ናቸው ብለን። እሳቸው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ትንሽ እንታገስ" አሉ። "የአላህ ፍጡር ነው። እስከ ዓርብ ይቆይ።" አብዲ አፉን ከፍቶ አያቸው። እኔም ገረመኝ፤ ሐዘን ልባቸውን አራርቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዓርብ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

አራት ቀን ነበረኝ። ሰው ስለ ውሻ እንዲህ ይሆናል ወይ ብትሉኝ፣ እሆናለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ሥራ አልነበረም፤ የሚጠብቀኝ ሻለቃ ነበር። እንዲበላ ማድረግ ነበረብኝ። ማክሰኞ ዕለት ኮቴን ደርቤ፣ ጃንጥላ ይዤ ከሰፈር ራቅ ያለ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሩብ ኪሎ አልኩት። ሥጋ ቆራጩ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ዓይቶ "ጾም አይደለም እንዴ?" አለኝ። "ለውሻ ነው" አልኩት። "እሺ አባቴ፣ ለውሻ ነው" አለኝ፤ እንዴት አድርጎ እንዳለው ብትሰሙት። ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሠርክ ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል፤ ስድሳ ስምንት ዓመት የጾምኩ ሰው በሩብ ኪሎ ተበላሁ። ሻለቃ ደግሞ ሥጋውን አሸተተ፣ ለሃጩን ለቀቀ፣ ወደ አጥሩ ዓይቶ አንገቱን ደፋ። አልበላም። አስካለ ሥጋውን ለመጣል በሩን ስትከፍት አብዲ እያየ ነበር።

ረቡዕ ማታ አፍሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አስካለ ብቻዋን ሄደች። እኔ ከቤቱ ጀርባ ዕቃ ማጠቢያው ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዕድሌን እረግማለሁ። በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ሆኜ አላውቅም ነበር። የመግሪብ አዛን ተባለ። ከአጥሩ ወዲያ ሳህን መሬት ሲነካ ሰማሁ፤ የሻለቃ ሰንሰለት ተንኳኳ፤ ከዚያም የሚልስ ምላስ ድምፅ። ወተት የሚጠጣ ውሻ ድምፅ አይጠፋኝም። ጥቂት ቆይቶ ወዲያ ማዶ ዕቃ መታጠብ ጀመረ። ውሃው ይፈሳል፣ ይቆማል፤ ይፈሳል፣ ይቆማል። መሀል ላይ አፈር ሲፈተግ ተሰማኝ። መቁጠሬን ያወቅኩት ሰባተኛው ላይ ስደርስ ነው። ውሃ በጄሪካን በሚገዛበት ከተማ አንድ ሳህን ሰባት ጊዜ የሚያጥብ ሰው ያለ ምክንያት አያጥብም።

ሐሙስ ከሰዓት ሐጂ ኑር ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰላምታው ረዘመ። የዚያን ቀን "ውሻህን" አላሉኝም።

"ሐጂ፣ ትናንት ሲመሽ ዕቃ ሲያጥቡ ሰማሁ" አልኩ።

"ዕቃ ይታጠባል" አሉ።

"ሰባት ጊዜ ታጠበ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ "ቆጠርክ?" አሉኝ።

"መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት፤ መቁጠር አይለቀኝም።"

ኮፊያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "መመገቡ ኃጢአት የለውም" አሉ። "ጣጣው ምራቁ ነው። እሱን አጥባለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ተፈራ፣ ሰዓዶ ከሞተች ይሄ የመጀመሪያ ረመዳኔ ነው። ሰው ይጠራኛል፤ ወላሂ የጅግጅጋ ሰው አይጨክንም። ሁለት ቤት ሄድኩ። ተምር ሳነሳ ሁሉም ያየኛል፣ አላህ ያጽናህ ይለኛል። ተምሩ እዚህ ይቆማል።" ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነኩ። "ቤቴ ቀረሁ። ብቻዬንም አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቁጭ እንዳልኩ፣ በቆርቆሮው ሥር ያ አፍንጫ ወጣ። አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ግማሽ ሳምቡሳ ጣልኩለት። ያን ቀን እኔም በላሁ።"

"ታዲያ ቀን ቀን ለምን እህል እምቢ ይለናል?"

"የግመል ወተት የጠጣ፣ የአንተን ሽሮ ምን ያደርግለታል?" አሉና እንደማፈር አሉ። "ደግሞም አዛን ሳይባል አልሰጠውም። እኔ ሳልቀምስ እንዳይቀምስ በጣቴ አሳየሁት። ቶሎ ገባው። ሳምቡሳው ሲጠበስ ይሸተዋል፣ ይጠብቃል፣ ለሃጩ ይመጣል። በሽታ አይደለም ተፈራ።"

"ነገ ዓርብ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ግን ሰው ምን ይላል? አምስት ዓመት ውሻህን አንሳ ያልኩ ሰው።"

ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት፤ ተቆጥቼ መመለስ ግን አልቻልኩም። "እኔ አልናገርም" አልኳቸው። "ሚስጥሩ የእርስዎ ነው። እኔ በሁዳዴ ሥጋ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ ሰው የሚለውን ብሎኛል።" የሥጋ ቤቱን ነገር ነገርኳቸው። ሐጂ ኑር ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ወዲያው ግን አቀረቀሩ። ነገ ይመጡ አይመጡ እንደሆነ ሳላውቅ ወጣሁ።

ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግቢያችን ሞላ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ አብዲ በሩ ላይ፣ ለመሮጥ በሚያመች ቦታ ቆመ። ዶክተሩ ቦርሳውን አስካለ ጀርባ አስቀመጠ። ሐጂ ኑር አልመጡም ነበር። ፍትፍት አቀረብኩ፤ ሻለቃ ዞር አለ። ውሃ አቀረብኩ፤ አልነካውም። ሳህኑን ወደ አፉ ገፋሁት። "ዛሬ ብቻ ብላ፣ ልጄ" አልኩት፤ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ግድ አልሰጠኝም። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጭራውን ወዘወዘ፣ አልበላም። ዶክተሩ "አዝናለሁ ጋሼ" አለና ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ከፈተ። አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አፌን ልከፍት ነበር። የሰጠሁትን ቃል ልበላ ነበር፤ ዛሬም አልክድም።

በሩ ተገፋ። ሐጂ ኑር በነጭ ሸሚዛቸው፣ በተተኮሰው ሽርጣቸው ገቡ። በአንድ እጃቸው ተምር፣ በሌላው ወተት የሞላበት ቀይ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል፤ ወተቱ ላይ ሁለት ሳምቡሳ ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ሻለቃ ብድግ ብሎ በሙሉ ሰውነቱ ይወዛወዝ ጀመር፤ የተኛው ጆሮው ሳይቀር ቆመ። ሐጂ ማንንም ሳያዩ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጡና በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሻለቃ አጠገቡ ተቀመጠ። ለሃጩ ይወርዳል፣ ዓይኑ የሐጂ እጅ ላይ ነው፣ ሳህኑን ግን አልነካም።

"ይሄው፣ ይህንንም አይበላም" አለ አብዲ።

"ሰዓቱ አልደረሰም" አሉ ሐጂ።

ዶክተሩ መርፌውን እንደያዘ ሰዓቱን አየ። "የምን ሰዓት?"

"የማፍጠሪያ።"

ሁሉም ወደ ሐጂ ዞረ። ከዚያ አብዲ፣ "ሐጂ፣ ውሻውን እርስዎ ነዎት ያጾሙት?" አለ።

"የምጾመው እኔ ነኝ" አሉ። "እሱ አብሮኝ ይጠብቃል። ከረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ።"

እንዲህ ሲሉ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበርና ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ስድስት ትልልቅ ሰው፣ አንድ ሐኪምና አንድ ውሻ በአንድ ሳህን ዙሪያ። አንዱ ሽማግሌ ሆዱ ጮኸና ሳል አስመሰለው። አብዲ ቀስ በቀስ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ሻለቃ አንድ ጊዜ አፉን ወደ ሳህኑ ጠጋ አደረገ፤ ሐጂ ጣታቸውን አነሱ፤ መለሰው። ዶክተሩ "ግመል እንኳ እንዲህ አይሰማም" ብሎ መርፌውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

አዛኑ ተሰማ። ሐጂ ኑር ቢስሚላህ ብለው ተምሩን አፋቸው ውስጥ አስገቡ። ሻለቃ ሳህኑ ውስጥ ገባ። ሳምቡሳውን በሁለት ጉርሻ፣ ወተቱን እስከ ታች፤ ሲጠጣ የሚያወጣው ድምፅ ለጆሮዬ ጣፈጠኝ። አስካለ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹም ጾመኞች ናቸው፤ ቤታቸው ደርሰው ለማፍጠር ሰዓቱ አልፏል። ሐጂ የያዙትን ተምር አዞሩ፣ አስካለ ውሃ አመጣች። ተምር ለሁዳዴም ስለሚሆን እኔም ወሰድኩ። ማንም አላህ ያጽናህ አላለም፤ ሁሉም የሚያየው ውሻውን ነበር። ሐጂ ኑር ሁለተኛ ተምር አነሱ፤ ሦስተኛም። አብዲ ሱቅ ሄዶ ሳምቡሳ ይዞ መጣና ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ። ሐጂ ኑር በዚያ ረመዳን በሰው መሀል ተቀምጠው ጠግበው ሲያፈጥሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዶክተሩ ሊሄድ ሲል ወረቀቱን አወጣ። ለቢሮው መመለስ አለበት፤ የተጠራበት ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ሐጂ አየሁ።

"በሽታ የለም ማለቴ ነው" አለ ዶክተሩ፣ "ግን የጠባዩ መለወጥ ምክንያቱ ምን ይባላል?"

ሐጂ ኑር አፋቸው ውስጥ የነበረውን ዋጡ። "ጻፍ" አሉት። "ብቻውን መብላት አልቻለም በል።"

ዶክተሩ ስለ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ጻፈ።